ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ትንፋሻችሁን ሰብስቡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገራችሁ ስለ ልጆቻችን ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተጀምሮ ወደ አማራና አፋር የተዛመተው ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ተባለ። ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ዓመት ሳይሞላው አማራ ክልል ውስጥ ተኩስ እንደገና ተጀመረ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚያድር ልጅም አለ።

በዚህ ያለፈ ልጅ የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሌሊት ይቃዣል። ከተወ የቆየ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። ጓደኛው ከኋላ ሲነካው በቡጢ ይመልሳል። እኛስ ምን እናደርጋለን? እንገርፈዋለን። ፍራሹን ደጅ አውጥተን ጎረቤት እያየ እናሸማቅቀዋለን። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እንለዋለን። እባካችሁ ይህን ተዉ!

ልጁ ጥጋበኛ አይደለም። አደጋ ያየ ሰውነት አደጋው ካለፈም በኋላ ቶሎ አይረጋጋም። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል። በዚያ ሰዓት ምክር አይገባውም። በላዩ ዱላ ስትጨምሩበት ቤቱም እንደ ውጭው የሚያስፈራ ይሆንበታል። መምህራንም ስሙኝ። ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆነ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። አለንጋው እስካሁን ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ልጅ ራሱን ማረጋጋት የሚማረው ከተረጋጋ አዋቂ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ አዝለን እሹሩሩ እንላለን። ሰባት ዓመት ሲሞላው ይህ ፍላጎቱ የሚጠፋ ይመስለናል፤ አይጠፋም። ስለዚህ ሲባንን አትጩሁበት። ቁመቱ ድረስ ዝቅ በሉ። ድምፃችሁን ቀስ አድርጉ። «የጎማ ድምፅ ነው፤ እኔ አለሁ» በሉት። መያዝ ከፈለገ ያዙት፤ ካልፈለገ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ አብራችሁ በአፍንጫ ተንፍሱና፣ ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱ በአፋችሁ በዝግታ አስወጡ። ስታስወጡ ይርዘም። ስላየው ነገር አስገድዳችሁ አትጠይቁት። እሱ ሲያወራ ደግሞ «እርሳው» ብላችሁ አታቋርጡት። ቀን ሰኞ ማክሰኞ ይጫወት፣ ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኛ፣ ከመተኛቱ በፊት ተረት ንገሩት። ነገ ምን እንደሚመጣ ማወቁ በራሱ ያረጋጋዋል።

እናቲቱስ? ባሏ ሞቶ፣ ቤቷ ተቃጥሎ፣ እሷም ሌሊቱን ሳትተኛ «ተረጋጊ» ማለት ምን ይረባታል? እዚህ ላይ ተግሳጼ ለጎረቤት ነው። ቡና ስታፈሉ ጥሯት። እንድትተኛ ልጆቿን ከሰዓት ያዙላት። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ላለችው ይህን ማድረግ ያቅተዋል? አንቺም እህቴ፣ ተናደሽ ከጮኽሽበት ተመልሰሽ «ደክሞኝ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በይው። ከተቆጡ በኋላ እንዴት እንደሚበርዱና እንደሚታረቁ ካንቺ ያያል።

በሰርግና በለቅሶ ጥይት የምትተኩሱ ወንድሞች፣ በእናንተ ደስታ ስንት ልጅ አልጋ ሥር እንደሚገባ አስቡ። ውጭ አገር ያላችሁም የሬሳ ቪዲዮ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትላኩ። ስልኩን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ልጅ ነው።

ወር አልፎት እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ መብላት የተወ ወይም መናገር ያቆመ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ብቻውንም አትተዉት። ጸበል ብትወስዱት አልከለክልም። ግን አይታሰር፣ አይመታ፣ የሐኪም መድኃኒቱም አይቋረጥበት። ጤና ጣቢያው ፈርሶ ከሆነ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ወዴት እንደምትወስዱት ትጠቁማችሁ።