ጣሪያ ላይ የቆመ ፌሮ

ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርጄ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ዳገት የሄደበት ያውቀዋል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱም ይጨምራል። ሹፌሩ ግን ሞቅ ብሎታል። «ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ኮምቦልቻን አታውቃትም!» ይለኛል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሀራ ገበያ ስለሚደርሰው መስመር ነው የሚያወራው። ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። «ታዲያ ያንተን እንጀራ አይወስደውም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ከባቡር የወረደውን ሰው ደሴ የሚያወጣው ማን ሆነና!»

በምኖርበት ቨርጂኒያ እንዲህ የሚያወራ ሹፌር አልገጠመኝም። እዚያ ነገ በየወሩ የሚከፈልበት ነገር ነው። ለመኪናው ኢንሹራንስ፣ ለጤና ኢንሹራንስ፣ ለቤቱ ኢንሹራንስ፣ ከሞትኩም ለልጆቼ ኢንሹራንስ። ስለ ወደፊቱ ሲወራ የሚወራው ምን ሊበላሽ እንደሚችል ነው። ጥቅሙን አልክድም። ባለፈው ዓመት ታምሜ ስተኛ ያዳነኝ እሱ ነው። ብቻ ማታ ቁጭ ብለህ የምትደሰትበት ነገር አይደለም።

ቤቴንም የገዛሁት በ30 ዓመት ብድር ነው። ስገባ ሁሉ ነገር አልቋል፤ ቀለሙ፣ ምንጣፉ፣ የበሩ ደወል ሳይቀር። ያላለቀው ዕዳው ብቻ ነው።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለችው አክስቴ ቤት የዚህ ግልባጭ ነው። ዕዳ የለበትም፣ ግን አላለቀም። ምድር ቤቱ ተሠርቶ ሶሌታው ከተሞላ ቆይቷል። ከሶሌታው በላይ የየኮለኑ ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሟል። ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ፕላስ ዋኑ ገና ነው እንጂ። ዝናብ እንዳያዝገው በየጫፉ ባዶ ሃይላንድ ደፍታበታለች። ከጣሪያው ላይ ቆመህ ስታይ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም እንደዚያው ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ሰፈር በሙሉ ሃይላንድ ያጠለቀ ፌሮ አብቅሏል።

እውነቱን ለመናገር፣ ድሮ ይህን ሳይ ያናድደኝ ነበር። ያልጨረስከውን ለምን ትጀምራለህ እል ነበር። «ኢንሻአላህ» የምትለዋም ቃል የማይሆን ነገር ማለፊያ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለአክስቴ በቀልድ አነሳሁባት። እሷ ግን አልቀለደችም። «እኔ ኢንሻአላህ የምለው አሸዋ ካስደፋሁ በኋላ ነው» አለችኝ። ለካ ሁለት ዕቁብ አላት። አንዱ ለቤት ወጪ፣ አንዱ ለዚህ ለፎቁ። ዲያስፖራ እረፍት መጥቶ «ድሃ ናቸው ግን ደስተኞች ናቸው» ሲል የምበሳጨው ለዚህ ነው። እንቅልፍ አጥታ የምታሰላ ሴትዮ ናት እኮ!

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤቷን ቆልፋ ወደ አዲስ አበባ ሸሽታ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ተመለሰች። በሩ ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥንም ፍሪጅም የለም። እኔ ምን ብዬ እንደማጽናናት ጨንቆኝ ደወልኩ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ የነገረችኝ ስለ ጣሪያው ነው። «ፌሮውን አልነኩትም» አለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ስሄድ አሸዋው በር ላይ ተደፍቷል። ሲሚንቶ ግን ተወዶባታል፣ ዕቁቡም ገና አልደረሳትም። እኔ ልሙላው ስላት «አንተ የራስህን 30 ዓመት ክፈል» አለችኝ። የት እንደሰማችው አላውቅም።

ጣሪያው ላይ ቡና ጠጣን። ከሐረጎ ጀምሮ ይዤው የነበረውን ውኃ ጨረስኩና ላስቲኩን ልጥል ስል እጇን ዘረጋች።

«አምጣው እንጂ ልጄ፣ ያቺ የጥጓ ባዶዋን ነው ያለችው።»