«ዱላ ስለቀረ ነው» ለሚለው
«ተማሪው የከፋው ዱላ ከቀረ ወዲህ ነው» የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ለመሆኑ ዱላው በወረቀት ካልሆነ በተግባር መቼ ቀረ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል፤ እኔ ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስተማር ስጀምር ግን ዩኒት ሊደራችን (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው) የጎማ ቁራጭ ይዞ በር ላይ ይቆም ነበር። ያረፈደው ሁሉ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል፤ በማግስቱም የሚያረፍዱት እነዚያው ናቸው። በዱላ ፈንታ «ወላጅ አምጣ ማለት ይበቃል» ለሚሉት ደግሞ፦ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ «አጎቴ ናቸው» ብሎ ሰው አመጣ። የልጁን አያት ስም ብጠይቃቸው ወደ እሱ ዞር ብለው «ማን ነበር?» አሉት። 50 ብር ተቀብለው የመጡ የሰፈር ጫማ ጠጋኝ ሆነው ተገኙ (ቁጣቸው ግን ከአባት ያስንቅ ነበር)። እኔን የረዳኝ የእውነተኛውን ወላጅ ስልክ መስከረም ላይ መዝግቤ፣ ልጁ ገና ምንም ሳያጠፋ አንድ ጊዜ ደውሎ በጎ ነገሩን መናገር ነው። ከዚያ ወዲያ ለክስ ስደውል ያነሳሉ፣ ይመጣሉም። 65 ተማሪ ባለበት ክፍል በየዕረፍቱ ሁለት ሁለት ወላጅ እየደወልሁ እስከ ኅዳር ይወስድብኛል፤ የስልክ ካርዱንም ወጪ የምችለው ከኪሴ ነው።