«ለማን?»

ወገኖቼ፣ ከእናንተ ጋር የምጣላበት ጉዳይ አለኝ። ነገሩ የተጀመረው ግን እኔው ከምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ጣቴን ወደ እናንተ ከመቀሰሬ በፊት ከዚያው እነሣለሁ።

የሕንፃችን አሳንሰር ተበላሽቶ ነበር። የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ በመሆኔ የጥገናውን ውል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሥራው በ45 ቀን እንዲያልቅ፣ ካላለቀ ተቋራጩ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ እንዲቀጣ፣ የቅጣቱ ድምር ግን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል አንቀጽ ከአንድ አሮጌ ውል ገልብጬ አስገባሁ። የሕግ ሰው የጻፈው ስለሚመስል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሒሳቡን ግን አልሠራሁትም። በቀን 0.1 በመቶ የሚጨምር ቅጣት 10 በመቶ የሚሞላው በ100 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መዘግየት በነጻ ነው ማለት ነው።

ተቋራጩ ሒሳቡን ሠርቶታል። ማሽኑን ፈታትቶ፣ በሩን በጣውላ አሽጎ፣ የበለጠ ወደሚያተርፈው ሌላ ሥራ ሄደ። ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሲሞላው ጠራነውና ጮኽንበት። እርሱ አልጮኸም። ውሉን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳርፎ «ተጽፏል እኮ፤ ቁረጡና ተዉኝ» አለን። አልዋሸም፤ ተጽፏል፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

እኛስ ምን አደረግን? ከክፍያው የሚቀነሰው ገንዘብ ምን ይሠራበት እያልን ተማከርን። አንዱ ደረጃው ቀለም ይቀባበት አለ፤ ተጨበጨበ። ሌላው ደግሞ «እንዲያውም ይዘግይልን!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። በሒሳብ መዝገቡም ላይ ገንዘቡን «ገቢ» በሚለው ርእስ ሥር በገዛ እጄ አሰፈርኩት።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። ወጣቶቹ በየፎቁ መታጠፊያ ላይ አንዳንድ ወንበር አስቀምጠውላቸው ነበር፤ እንሸከምዎት ሲሏቸው ግን «ሬሳ ነኝ እንዴ ተሸክማችሁ የምታወርዱኝ?» ብለው መለሷቸው። ቅጣቱ ጣሪያውን ከነካ ከጥቂት ቀናት በኋላ የእማማ እህት አረፉ። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ከቤት ስወጣ እማማን አራተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘኋቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሁለት ፎቅ ለመውረድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ግድግዳውን ይዘው እንዳይወርዱ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ነጭ ሆነዋል።

«ልጄ፣ በዚህ ወር ያልቃል ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ።

የሚመለስ ነገር ያለኝ መስሎኝ «ሰውየው እኮ ተቀጥቷል እማማ፤ ከፍሏል» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እርሳቸውም ሌላ አልጨመሩም። ጥቂት አርፈው በመጡበት ተመለሱ፤ የእህታቸውን ቀብር አልደረሱበትም። እኔ ያን ዕለት ሥራ ገባሁ፣ በሰዓቴም ወጣሁ። አሳንሰሩ የተጠገነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ተቋራጩ ሲመቸው።

ይህን ሰውዬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። ከእርሱ የሚብስብኝ ግን ያ ሳቅ ነው፣ የእኔም ድምፅ ያለበት።

ካሣና ቅጣት ሁለት ነገር ናቸው። ካሣ ለተጎዳው ሰው ጉዳቱን የሚተካ ነው፤ ቅጣት ደግሞ ለአጥፊው «ይህ አይደረግም» የሚል ቃል ነው። በውል ውስጥ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ፍርድ ቤቶች ሲጨነቁበት ኖረዋል። የእንግሊዝ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1914 በሰጡት ዝነኛ ውሳኔ በቅንነት አስቀድሞ የተገመተን ኪሣራ ተቀብለው፣ ተዋዋይን ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈውን አናስፈጽምም ብለዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ ዳኛው ያለ ልክ የበዛውን የውል ቅጣት እንዲቀንስ፣ ከቁም ነገር የማይገባውንም ትንሽ ቅጣት እንዲጨምር ሥልጣን ሰጠችው። ይህ የኋለኛው ባነበብኩት ቁጥር ያሳፍረኛል፤ ቅጣት ሲያንስ መሳለቂያ እንደሚሆን ሕግ አውጪዎቹ አስበውበታልና። የእኔ አንቀጽ ለእማማ ካሣ አልሆነ፣ ለተቋራጩም ተግሣጽ አልሆነ። የመዘግየት ኪራይ ተመን ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ቀይ መብራት ጥሳችሁ የትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? «ስንት ነው?» አይደለም? ይህ እኮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ጥያቄ ነው። ከፍላችሁ ስትሄዱ ያ መንገድ ሲሻገር የነበረው ልጅ ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ደረሰኙ ኪሳችሁ ከገባ ጥፋቱ የተሰረዘ ይመስላችኋል፤ የሚያስታውሳችሁንም ሰው «ከፍዬ የለም እንዴ?» ብላችሁ ታፈጡበታላችሁ።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በእስራኤሏ ሐይፋ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች 10 የሕፃናት መዋያዎችን ተከታትለው ነበር። በ6ቱ ልጁን አርፍዶ የሚወስድ ወላጅ ላይ ትንሽ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። የሚያረፍደው ወላጅ ቁጥር በመቀነስ ፈንታ እጥፍ ያህል ሆነ፤ ቅጣቱ ከተነሣም በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቀድሞ አስተማሪዋን የማስቸገር ሐፍረት ነበር፤ ሐፍረቱ ተመን ሲወጣለት ወላጆቹ ገዙት።

ኳስ የምትወዱም ትከራከሩኛላችሁ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ጋና ልታሸንፍ በነበረችበት የመጨረሻ ደቂቃ፣ የኡራጓዩ አጥቂ ሱዋሬዝ ወደ ግብ የሚገባውን ኳስ በእጁ መለሰ። ቀይ ካርድ ተሰጠው፤ የጋናው ጂያን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ግን የግቡን አግዳሚ ነክቶ ወጣ፤ ሱዋሬዝም መውጫው ላይ ሆኖ ፈነጠዘ። ኡራጓይም በመለያ ምት አለፈች። «ደንቡ የሚያዝዘውን ከፍሏል» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ከፍሏል። ጨዋታ ስለሆነ ይህን አልፈዋለሁ። ጨዋታ ባልሆነው ነገር ሁሉ ግን ይኸው አባባል ሲደገም እሰማለሁ፤ ግብሩን አሳውቆ የማይከፍለው ነጋዴም፣ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ የሚደፋው ፋብሪካም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቅጣቱ ይብዛ እያልኩ አይደለም። የሚበዛው ቅጣት ድኻውን ሲሰብር ሀብታሙ ዋጋ ተወደደ ብሎ ይከፍለዋል። የምለምናችሁ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቅጣት ስትጥሉም ሆነ ሲጣልባችሁ የተጎዳው ሰው ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቁ። ይህን እንኳ የምታደርጉ አይመስለኝም። እኔም ያደረግሁት አሮጊቷን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ካየሁ በኋላ ነው፣ ያውም ዘግይቼ።

በቅርቡ ደግሞ የጣሪያ ጥገና ውል ልንዋዋል ነው። አዲስ አንቀጽ አርቅቄአለሁ፦ ከመዘግየት ቅጣት የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ኮሚቴው ካዝና ሳይገባ፣ ጣሪያው ለሚያፈስበት ቤት እንዲከፈል፤ ቅጣቱ የመጨረሻው መጠን ላይ ሲደርስም ውሉ ፈርሶ ሥራው ለሌላ እንዲሰጥ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ተስማምቶልኛል፤ ሁለቱ ተቋራጭ ያሸሽብናል ይላሉ። ያ «እንዲያውም ይዘግይልን» ያለው ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እስቲ ለማክሰኞ እናየዋለን» አለኝ። ማክሰኞ ይዤው እገባለሁ።