ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቀነሰው ስብ ነው ወይስ ጡንቻ?

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከዘመድ ወዳጅ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ኪሎ ቀነስክ?» የሚል ነው። በክትትል ቀጠሮም ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይኸው ቁጥር ነው። እኔ ግን ከሰውነቱ የጎደለው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

በስፋት ከሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች አንዱ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። ባይፓስ የሚባለው ደግሞ ጨጓራውን ከማሳነስ አልፎ፣ ምግብ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል። ታካሚው በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ሊቀንስ ይችላል። አብዛኛው ስብ ነው፤ በተለይም ጉበትንና አንጀትን የከበበው ስብ ሲቀንስ የስኳር በሽታና የደም ግፊት በእጅጉ ይሻሻላሉ። ይህ ትልቅ ጥቅም በመሆኑ ቀዶ ሕክምናውን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።

ሆኖም ከጠፋው ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክፍል፣ በተለይም ጡንቻና ውኃ ነው። 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው ከ8 እስከ 12 ኪሎ የሚሆነው ከዚህ ሄዶበታል ማለት ነው። ከባድ ገላ ይሸከም የነበረ ጡንቻ ሸክሙ ሲቀልለት መሳሳቱ አይቀርም፤ ከፊሉ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበኝ መከላከል የሚቻለው ክፍል ነው። ጡንቻው በፍጥነት የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ሲሆን፣ ክብደት ኋላ ተመልሶ ሲመጣ በአብዛኛው የሚመለሰው ስብ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ይህ ደረጃ የመውጣትና ከወንበር የመነሣት አቅም ጉዳይ ይሆናል።

የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። አሁን አንድ የጾም ማዕድ እናስብ። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ 60 ግራም ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የታካሚው ጨጓራ ግን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኩባያ እምብዛም አይበልጥም፤ እንጀራው ቀድሞ ከገባ ደግሞ ለወጡ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ የሚጾም ታካሚ ሳይውል ሳያድር ከምግብ ባለሙያውና ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር አለበት፤ «ትንሽ ትንሽ ብላ» የሚለው የሐኪም ቃል ብቻውን ለእሱ በቂ ምክር አይደለም።

ምግቡም ቢሆን ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻን አያቆይም። በእግር መሄድ መልካም ነው፤ ጡንቻን የሚያቆየው ግን ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ክብደት ማንሣትን የመሰለ፣ ጡንቻን የሚፈታተን ሥራ ነው። አጥንትም ስለሚሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ለዘለቄታው ይታሰብላቸዋል፤ ቢ12 እና ብረትም እንዲሁ።

ስብንና ጡንቻን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ በየቦታው አይገኝም። በሌለበት የእጅን የመጨበጥ ኃይል መለካት፣ ወይም ታካሚው እጁን ሳይደገፍ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሣ መቁጠር ይቻላል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለክቶ ካልተመዘገበ በኋላ የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖርም። ቀዶ ሕክምናውን ፍለጋ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚጓዙ ወገኖቻችን፣ ክፍያውን ከመፈጸማቸው በፊት ሲመለሱ ማን እንደሚከታተላቸውና የምግብ ባለሙያቸው ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።