ቲክ ወይስ ቲክ ከለር?

የበረንዳችን ጣጣ የጀመረው የፊት ለፊት ጎረቤታችን ስድስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ከአይሱዙ ያወረደ ቀን ነው። ያወረደው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። የሰፈራችን፣ የባህር ዳሩ ሽምብጥ፣ ሰው ከጣና የሚመጣውን ነፋስ ሊቀበል ደጅ በሚወጣበት ሰዓት ማለት ነው። ማታ ማውረድ ይችል ነበር። «ቲክ ነው!» አለ ሹፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች ነበር። ጀበናው አየር ላይ ቀረ። የእኛ በረንዳ ላይ ያሉት አራት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። የአንዱ እግር በሽቦ ታስሯል። ሌላው የእኛ አይደለም፤ ለለቅሶ ያዋስነው ሄዶ በምትኩ የመጣ ነው። ጀርባው ላይ የማናውቀው ዕድር ቁጥር ተጽፎበታል።

«እኛስ?» አለች።

«እኛ ምን?» አልኩ። የገባኝ ወዲያው ነው።

ያን ማታ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስለ ቲክ እንጨት ሳነብ አደርኩ። የዛፉ አገር ህንድ፣ ምያንማር፣ ታይላንድና ላኦስ ነው። ኢንዶኔዥያም ጃቫ ላይ በብዛት ተክላዋለች። እንጨቱ በተፈጥሮው ቅባት አለው። ውሃ ቶሎ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ለዚህ ነው የመርከብ ወለል ሲሠራበት የኖረው። ግን ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ለግንዱ ልብ ነው፤ ወርቃማ ቡናማ ለሆነው ክፍል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ገርጣ ያለ እንጨት ስሙን እንጂ ጠባዩን አልወረሰም። የታወቀ ቤተሰብ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም።

በማግሥቱ ፈርኒቸር ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል ቲክ ነው» አለኝ ሻጩ። ቀጥሎ ያለውስ? «እሱም ቲክ።» በሩስ? «ቲክ።» ጫፉ ተልጦ ቺፑዱ የወጣ የቲቪ ማስቀመጫ አሳየሁት።

«እሱ ቲክ ከለር ነው።»

«እንጨቱስ?»

«ከለሩ ከያዘ እንጨቱ ምን ያደርግልዎታል?»

የወንበሩን ዋጋ ሲነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። «አዩት አይደል ምቾቱን!» አለ።

ብቻዬን እንደማልችል ገባኝ። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በዋንዛ የጨረሱ አንድ አናጢ አሉ። እሳቸውን ይዤ ተመለስኩ። የወንበሩን መልክ ዞር ብለውም አላዩት። «በግ ስትገዛ ላቱን ሳትዳብስ ትገዛለህ?» አሉና ወንበሩን ገለበጡት። ጉዱ ሆዱ ላይ ነበር። ስንጥቁ በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራ ተለስኗል። ከሥር ያለው እንጨት ነጣ ያለ ነው። ብሎኑ ከአሁኑ ዝጓል። ደጅ ለሚውል ዕቃ የማይዝግ ብረት ወይም ናስ ነው የሚያስፈልገው፤ ተራ ብረት ከዛገ እንጨቱን በጥቁር ያዥጎረጉረዋል። «መገጣጠሚያው ተፈልፍሎ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ መሆን አለበት» አሉኝ። «ይሄ ተለጥፎ ነው የቆመው። ክረምት ሲመጣ ይፋታል።» ከዚያ በአንድ እጃቸው አነሱት። «ቀለለኝ» አሉ፣ ሻጩን እያዩ። ልጁ ስልክ የተደወለለት መሰለ።

እውነተኛውን ለማግኘት ወር ፈጀብን። ስድስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ይገዛል ያልነው ብር ጠረጴዛውንና ሁለት ወንበር ብቻ ገዛ። እኛ ቤት አምስት ሰው ነን። ማን ይቀመጥ የሚለው ክርክር ግን አልተነሳም፤ ማንም እንዳይቀመጥ ተወሰነ።

ትንሽ ቆይቶ ፀሐይ የሚያርፍበት የጠረጴዛው ጫፍ ግራጫ መሆን ጀመረ። «ሸበተ!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ። የቲክ ወጉ ነው፣ ደጅ ሲውል ብር ይመስላል፣ ላይ ላዩን እንጂ ውስጡ ደህና ነው፣ አልኩ። ዘይት የሚቀባውም ቡናማው መልኩ እንዲቆይ ብቻ ነው። አንድ ቀለም ቀቢ ደግሞ ቫርኒሽ ላጠጣው አለ። የእንጨቱ ቅባት ቫርኒሹን ስለማያስይዘው ቆይቶ እንደ ድንች ልጣጭ እንደሚነሳ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ነገሩ በላስቲክ ተፈታ። ላስቲክ አለበስነው።

ሰኔ ገባ። የባህር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ አልነግርም። ላስቲኩም አላስተማመናትምና ቲኩ ሳሎን ይግባ አለች።

«ይሄ እኮ ለዝናብ የተሠራ ነው» አልኩ።

«ዝናቡ ይህን ያውቃል?»

ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው። ቲኩ እንዲገባ የቺፑድ ቡፌያችን ወጣ። ለዝናብ የተሠራው ሳሎን ገባ፤ ለሳሎን የተሠራው በረንዳ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሐይቁ ዳር ደግሞ ዓሣ አጥማጁ የደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ያልፋል። ደንገል እኮ ከሣር አይሻልም። ግን ሲሠራበት ውሎ አመሻሽ ላይ ፀሐይና ነፋስ እንዲያደርቀው ዳር ላይ ያቆመዋል፤ ሲያረጅ ሌላ ያስራል። ሣሩ ጣና ላይ ይውላል። የኛ ቲክ ጤዛ ይፈራል።

ጥቅምት ላይ ቲኩ በረንዳው ላይ ተመለሰ፤ ላስቲኩን እንደለበሰ። በዚያው ሰሞን እማዬ ከዘጌ በጀልባ መጣች። አንድ ዶሮ፣ ቡና፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ጌሾ ይዛለች። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ላስቲኩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምነው ልጄ፣ ከፈናችሁት?»

መልስ ሳትጠብቅ ገፈፈችው። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ፣ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ጆንያውን ፈታች። ጌሾውን ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይደራረብ፣ በጣቷ እየበተነች አሰጣችው። የተረፈውን ሁለቱ ወንበሮች ላይ ዘረገፈች። እሷ ራሷ ሽቦ የታሰረው ፕላስቲክ ላይ ተቀመጠችና ዶሮዋን እግሯ ሥር አደረገች።

10 ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ መጥቷል። ጎረቤታችን ደጁ ላይ ቆሞ ያያል። ባለቤቴ ዘንቢሏን ይዛ በሩን ከፈተችና ባለችበት ቀረች።

«እማማ! ቲክ እኮ ነው!»

«ቲክ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነዋ!»

«እኔስ» አለች እማዬ፣ አንዱን ቅጠል እየገለበጠች፣ «እንጨት መስሎኝ አይደል ያሰጣሁበት።»