የሚያናግረኝ ማን ነው?

ባለፈው አገር ቤት ስገባ እህቴ ሰፈር እሳት ተነሳ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነበር። "እሳት! እሳት! ድረሱልን!" የሚል ጩኸት ሰምተን ወጣን። የተነሳው ከአንድ ግቢ ማድ ቤት ነው። ወደ ዋናው ቤት ኮርኒስ እየተሻገረ ነበር።

የሰፈሩን ሰው አደራረስ ማየት ነበረባችሁ። ቤቱ የቀረ የለም። ባልዲ የያዘ፣ ጄሪካን የተሸከመ፣ በአካፋ አፈር የሚዝቅ። ለንደን ስኖር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። እዚያ የጎረቤቴ ቤት ቢቃጠል ከእኔ የሚጠበቀው ስልክ ደውሎ መራቅ ነው።

ግን አንዱ "ቆጣሪውን አጥፉት" ይላል፣ ሌላው "እንዳትነኩት" ይላል። አንዱ "ሲሊንደሩን አውጡ" ሲል ሌላው በሩን ይዘጋል። መሀል ላይ አንዲት ልጅ "ትንሹ ልጅ ውስጥ ነው!" ብላ ጮኸች። ሁለት ጎረምሶች ጭሱ ውስጥ ገቡ። አንደኛው ክንዱ ተልጦ ወጣ። ልጁ ግን ከሁለት ቤት ወዲያ፣ ጓደኛው ቤት እራት እየበላ ነበር። ያበሉት እናት እዚያው ከእኛ ጋር ውሃ እያቀበሉ ነበር። ልጁን የሚፈልጉትና ልጁ የት እንዳለ የሚያውቁት አሥር እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። የሚያገናኛቸው ሰው አልነበረም።

የደወለው ሰውም ብዙ ነው። አንዱ ለእሳት አደጋ 939 ደውሎ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ብሏል። አንዱ ለፖሊስ 991 ደውሎ "ከመስጊዱ ፊት ለፊት" ብሏል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መንገዱ ግን የተለያየ ነው። የእሳት አደጋ መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሹፌሩ "በየት ነው የሚያስገባው?" ሲል አሥር እጅ በአራት አቅጣጫ ጠቆመ። አለቃቸው ወርዶ "እዚህ ጋ የሚያናግረኝ ማን ነው?" አለ። ሁላችንም እኩል መናገር ጀመርን።

ይቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለንደን ውስጥ፣ ከምሠራበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሱቅ በላይ ያለ መኖሪያ ቤት ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ የገረመችኝ በር ላይ የቆመች አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናት። ቢጫና ጥቁር ዳማ ሰደርያ ለብሳለች። የመተንፈሻ ጭምብል አጥልቆ የሚገባ ሁሉ ስሙ ያለበትን ትንሽ ምልክት ይሰጣታል። እሷ ሰሌዳዋ ላይ ትሰካለች፣ የገባበትን ሰዓትና በጀርባው የያዘውን አየር መጠን ትጽፋለች። ሲወጣ ምልክቱን መልሶ ይወስዳል። ሰሌዳው ላይ የቀረ ምልክት ካለ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። አዛዡ ደግሞ ቱቦ አልነካም። ያያል፣ ይሰማል፣ በሬዲዮ ይናገራል። ኋላ የበላይ መኮንን መጣ። መጥቶ ወዲያው ማዘዝ አልጀመረም። አጠገቡ ቆሞ ነገሩን አዳመጠ፣ ከዚያ "ከአሁን ጀምሮ አዛዡ እኔ ነኝ" ብሎ ተረከበ፤ በሬዲዮም ተነገረ።

እንዲህ ያለውን የአዛዥነት ሥርዓት አሜሪካኖቹም የተማሩት ከመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ለ13 ቀን ነደደች። 16 ሰው ሞተ፣ ከ700 በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። የየከተማውና የየወረዳው እሳት አደጋ ተሰባስቦ መጣ፤ ግን የአንዱ የሬዲዮ ምስጢር ቃል ለሌላው አይገባም፣ ማን ማንን እንደሚያዝም አልታወቀም። ከዚያ በኋላ ነው ደንብ የወጣው። የአዛዥነቱ ቦታ ግልጽ ይሁን። አንድ አለቃ በቀጥታ የሚያዘው ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ይሁን። በሬዲዮ የሚነገረው ማንም የሚረዳው ተራ ቋንቋ ይሁን። እንግሊዝ አገርም በትልቅ አደጋ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው በተወሰነ ቅደም ተከተል ይናገራል፦ ትክክለኛው ቦታ የት ነው፣ ምን ዓይነት አደጋ ነው፣ ምን ያሰጋል፣ በየት ይገባል በየትስ ይወጣል፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ ማን መጥቷል፣ ማን ይምጣ። የሰፈራችን ሹፌር የፈለገው ይሄንኑ ነበር።

ደንብ ስላለ ብቻ ግን ሰው አይተርፍም። የለንደኑን የግሬንፌል መኖሪያ ሕንፃ ስናስብ ሁሌም ልባችን ይደማል። ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ ውስጥ አበሾች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 እሳቱ የተነሳው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣ ነው። እሱ ወዲያው ደወለ፣ ጎረቤቶቹን ቀሰቀሰ። መርማሪዎቹ ምንም ጥፋት የለበትም ብለዋል፤ እኛ መሀልም ይሄ ደጋግሞ መነገር አለበት። እሳቱ ሕንፃው በለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን ላይ ተሳፍሮ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጣሪያ ደረሰ።

የእሳት አደጋ ስልክ ተቀባዮቹ ግን ለነዋሪዎቹ "ቤታችሁ ቆዩ" ማለታቸውን ቀጠሉ። መመሪያው እንደዚያ ነበር። እነሱ እሳቱን አያዩትም፤ እታች ያለው አዛዥ ደግሞ እነሱ የሚሰሙትን አይሰማም። በየትኛው ቤት ስንት ሰው መውጫ አጥቶ እንደቀረ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ በእጅ ይላክ ነበር። ግድግዳ ላይ ሁሉ ጽፈዋል። የፖሊስ ሄሊኮፕተር የሚቀርጸው ምስል አዛዦቹ ጋ አልደረሰም። "ውጡ" የተባለው ከመጀመሪያው ጥሪ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። መርማሪዎቹ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መባል ነበረበት ብለዋል። 72 ሰው አለቀ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በማንቸስተር ከተማ የኮንሰርት አዳራሽ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ ደግሞ እሳት አደጋዎቹ ቦታው ላይ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል። መኪና አጥተው አይደለም። ፖሊስ፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ አንድ ቦታ ቆመው ስላልተነጋገሩ ነው።

ስለዚህ "ፈረንጅ ያውቃል፣ እኛ አናውቅም" ለማለት አይደለም የምጽፈው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ የተቸገሩት በመንገዱ ጥበትና በሕዝቡ ብዛት ነው ተብሏል። ያ ሕዝብ ግን ክፉ አይደለም። ንብረት ለማትረፍ የመጣ፣ ሊረዳ የመጣ ነው። ቦታ የሚሰጠው ነው ያጣው።

ቦታ መስጠት ደግሞ እኛ እናውቅበታለን። ለቅሶ ሲሆን እድሩን ተመልከቱ። ጥሩምባ ነፊው ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። ድንኳን የሚተክለው ሌላ፣ መቃብር የሚያስቆፍረው ሌላ ነው። ጓዳውን የሚመሩት እናት አንዴ ከተናገሩ የሚከራከራቸው የለም። የቸገረ ነገር ካለ ወደ ዳኛው ይኬዳል። ይሄ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ሰው ሳይሞት ለምን አይሠራም?

ከመመለሴ በፊት ይሄንኑ ለእህቴ እድር ዳኛ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። በቀጣዩ የወር ስብሰባም ለሰፈሩ ሰው አቀረቡት። እህቴ ደውላ እንደነገረችኝ፣ እሳት ሲነሳ ጥሩምባ ነፊው ባትሪ ይዞ መታጠፊያው ላይ ይቆማል፣ መኪናውን እሱ ያስገባል። ከእሳት አደጋ አለቃ ጋር የሚነጋገረው ጸሐፊው ብቻ ነው። ከየቤቱ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ የሚቆጥሩት ደግሞ ያን ምሽት ልጁን እራት ያበሉት እናት ናቸው። የየቤቱን ሰው ስም የሚጽፉበት ደብተር ተገዝቶላቸዋል።