«በአንድ ሳምንት» የሚለው ወሬ

ሊሳ ፒቺሪሎን ሳትሰሙ አትቀሩም። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ 50 ዓመት ገደማ ሒሳበኞችን ያስቸገረ ጥያቄ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ የፈታችው ናት። ዜናው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለምን አዳረሰ። አሁንም በየጊዜው ብቅ ይላል፣ ሁሌም «በአንድ ሳምንት ፈታችው» በሚል ርዕስ። የእኔ ጠብ ከርዕሱ ጋር ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ። ክር ቋጥራችሁ ሁለቱን ጫፎች ብታጣብቋቸው ሒሳበኞች ቋጠሮ የሚሉትን አገኛችሁ። በሒሳበኛው ጆን ኮንዌይ ስም የሚጠራው ቋጠሮ ሲሳል ክሩ 11 ቦታ ላይ ራሱን ይሻገራል። ይህ ቋጠሮ ባለ አራት ዳይሜንሽን ኳስ ገጽ ላይ ቢቀመጥ፣ ኳሱ ውስጥ ለተዘረጋ ለስላሳ ዲስክ ጠርዝ መሆን ይችላል ወይ? የሚችሉት «ስላይስ» ይባላሉ። በዓይነ ሕሊናችሁ ልታዩት አትድከሙ፣ ማንም አይችልም። አልጀብራዊ ቶፖሎጂ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ቅርጹን ወደ ቁጥርና ወደ አልጀብራ ይለውጠውና ዓይን ያልደረሰበትን በስሌት ይደርስበታል።

የኮንዌይ ቋጠሮ ግን ስሌቶቹን ሁሉ ይሸውዳል። ከስሌቶቹ አንዱ፣ የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል የሚባለው፣ ለእሱ 1 ነው፣ ጭራሽ ካልተቋጠረ ክር አይለይም። ከ13 በታች መሻገሪያ ካላቸው ቋጠሮዎች ሁሉ መልስ ያጣው እሱ ብቻ ነበር።

ፒቺሪሎ ስለ ጥያቄው የሰማችው በ2018 ክረምት፣ አንድ ኮንፈረንስ ላይ ነው። እንደ ቁም ነገር ሥራ እንኳን አልቆጠረችውም። ቀን ቀን የራሷን ምርምር ትሠራለች፣ ማታ ማታ ይህን እንደ የቤት ሥራ ትነካካለች። ዘዴዋ እንዲህ ነው፦ ከእያንዳንዱ ቋጠሮ «ትሬስ» የሚባል ባለ አራት ዳይሜንሽን አካል መሥራት ይቻላል፣ ሁለት ቋጠሮዎች አንድ ዓይነት ትሬስ ካላቸው ደግሞ ወይ ሁለቱም ስላይስ ናቸው ወይ ሁለቱም አይደሉም። ስለዚህ አስቸጋሪውን ትታ፣ ትሬሱን የሚጋራ ሌላ ቋጠሮ ሠራች። የራስሙሰን ቁጥር የሚባለው መለኪያ ስላይስ ለሆነ ቋጠሮ ሁሉ 0 ነው፤ ለኮንዌይ ቋጠሮም 0 ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ለአዲሱ ቋጠሮ ሲሰላ ግን 0 አልሆነም። አዲሱ ስላይስ አይደለም፣ እንግዲያው የኮንዌዩም አይደለም። አለቀ። ጽሑፉ አናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ በሚባለው የሒሳብ መጽሔት ሲወጣ 11 ገጽ ብቻ ነው።

ታዲያ ትሬስ የሚጋራ ቋጠሮ መሥራትን ያን ሳምንት ነው እንዴ የተማረችው? የዶክትሬት ምርምሯ እኮ ይኸው ነበር! ከዚያ በፊት በሠራቻቸው ጽሑፎች ስለ ትሬስ ስትመራመር ከርማለች፤ ጥያቄው ሲመጣ መሣሪያው እጇ ላይ ነበር። «አንድ ሳምንት» ማለት ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በሩን የከፈቱበትን ቀን ብቻ መቁጠር ነው።

ነገሩን የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሒሳብ የሚወድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ይህን ርዕስ ሲያነብ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ወይ ጂኒየስ ነህ ወይ አይደለህም። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ወር ከቆየ «ለካ የእኔ ነገር አይሆንም» ብሎ ይተዋል። በተለይ እኛ ዘንድ፣ ጎበዝ ማለት ቶሎ የሚመልስ ነው ተብሎ በሚታመንበት።

ሌላም ርዕሱ የሚደብቀው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሒሳብ ዶክትሬት ተማሪ የሚኖረው በማስተማር ነው። ካልኩለስ ያስረዳል፣ የፈተና ወረቀት ያርማል፣ ምርምሩ ከዚያ በተረፈው ሰዓት ነው። ቤተሰብ ደግሞ በየበዓሉ ይደውላል፦ «አሁንም አልጨረስክም እንዴ?» እውነቱን ለመናገር ማስተማሩን እንደ ሸክም ብቻ አላየውም፤ ገብቶኛል ያልከው ነገር እንዳልገባህ የምታውቀው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመህ አንድ ተማሪ «ለምን?» ሲልህ ነው። ግን ሰዓት ይበላል፣ በጣም ይበላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገርመኝ ያ ኮንፈረንስ ነው። ፒቺሪሎ ጥያቄውን ያገኘችው ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሥራው ሲያወራ ቁጭ ብላ ስለሰማች ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲያጥረው ግን ቀድሞ የሚነካው የተማሪ የጉዞ በጀት ነው፣ «ሄዶ ምን ሊሠራ?» ተብሎ።